ሦስት አልጋ

መርሻን አንድ ቦታ ረግቶ ያየው ሰው የለም። ሲቀመጥ ጉልበቱ ይወዛወዛል፤ ሲቆም እግር ይቀያይራል፤ ሲጽፍ እንኳ ሥራ የፈታች ግራ እጁ የብራናውን ጫፍ ስትነካካ ትውላለች። ዕድሜው ሃያ አምስት ነው። ዲያቆን ነው። ከደብረ ታቦር ግማሽ ቀን በማትሞላ መንገድ በወይራ አምባ ሚካኤል፣ የኔታ ገብረየሱስ እግር ሥር ተቀምጦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጽሕፈት ተምሯል። ፊደሉማ እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ቀለም ይበጠብጣል፣ ብርዕ ይቀርጻል፣ ብራና ይፍቃል፤ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱም ሐረግ ነው።

ሐረግ የሚባለው በመጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከጽሑፉ በላይ የሚሣለው የተጠላለፈ ጌጥ ነው። መስመሩ በሰያፍ ይሄዳል፣ ጠርዝ ሲነካ ይታጠፋል፣ መንገድ ላይ ያገኘውን መስመር አንዴ በላይ አንዴ በታች ይሻገራል፣ በመጨረሻ የተነሣበት ቦታ መጥቶ ይገጥማል። ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ወይራ አምባ ላይ ደግሞ ስለ ሐረግ የቆየ ልማድ አለ። አዲስ መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ አንዲት ስንደዶ ይዘው በሕዝብ ፊት ሐረጉን ይከተላሉ። ስንደዶዋ ያን ሁሉ መስመር አዳርሳ ወደ ተነሣችበት ከተመለሰች እልል ይባላል። ሳታዳርስ ከተመለሰች ግን ሐረጉ አንድ መስመር አይደለም፤ ሁለት ወይም ሦስት ነው ማለት ነው፤ መጽሐፉም አይገባም። የመላእክት ሐሳብ አንድ ስለሆነ ሐረጋቸውም አንድ መሆን አለበት ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እኔ አላልኩም፤ እነሱ ናቸው ያሉት።

በዚያ ዓመት የመርሻ ነገር ሁሉ በዚች ስንደዶ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጋፋት ላይ የንጉሡ የመድፍ ምድጃ ከተተከለ ወዲህ ጭቃ ሹሙ በየደብሩ እየዞረ ቋሚ አገልግሎት የሌለውን ጎልማሳ ሁሉ ይመዘግባል። የተመዘገበ ሰው ከሰል ይሸከማል፣ እንጨት ይጎትታል፣ ወናፍ ይነፋል። የመርሻ ታላቅ ወንድም ካሳሁን ሁለት ክረምት እዚያ ከርሞ ሲመለስ ደረቱ ውስጥ ሳል ገብቶ ነበር፤ ሲያስለው ቤቱ ይናወጣል፣ ልጆቹ ይሸሹታል። ወይራ አምባ ላይ ደግሞ የጸሐፊነት ቦታ አንድ ብቻ ናት። የኔታ ዓይናቸው ስለደከመ ቦታዋ በኅዳር ሚካኤል በዓል ትሰጣለች፤ ወይ አዲሱን የሚካኤል መጽሐፍ ለጨረሰው ለመርሻ፣ ወይ ደግሞ ከይፋግ ሊመጣ ለተዘጋጀ ሌላ ጸሐፊ። ቦታዋን ካላገኘ ጋፋት ነው። ነፋሱ ከዚያ በኩል በነፈሰ ቁጥር የመዶሻው ድምፅ እስከ ቅጥሩ ይሰማል፤ መርሻም በሰማ ቁጥር ጉልበቱ ይወዛወዛል።

መስከረም ሲብት የመጽሐፉ ጽሑፍ አለቀ። የቀረው የመጀመሪያው ገጽ ሐረግ ነበር። መርሻ የኔታ ዘንድ ሮጠ።

«የኔታ፣ ጽሑፉን ጨርሻለሁ። ሐረጉን ያሳዩኝ።»

የኔታ ገብረየሱስ ፀሐይ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ሰውን ከዛፍ ይለያል እንጂ ሰውን ከሰው አይለይም።

«ሂድና አልጋ ጠፋሪው ሙላቴ ቤት ሦስት አልጋ ጠፍር» አሉት።

«አልጋ?»

«አልጋ።»

«የሚተኛበት አልጋ የኔታ?»

«የማይተኛበት አልጋ አለ እንዴ? እንጨቱን ሰው ይሠራዋል፤ አንተ ጠፍሩን ትወጥራለህ። ሦስቱን ስትጨርስ ና፤ ሐረግ ያኔ እንጀምራለን።»

ለምን እንደሆነ አልነገሩትም። የኔታ ምክንያት የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ ሰው የነገሩትን ይረሳል፣ የሠራውን አይረሳም የሚል እምነት አላቸው። መርሻ ግን ደሙ ፈላ። ዜማ የዘለቀ፣ ቅኔ የተቀኘ ሰው የገበሬ ቤት ሄዶ እርጥብ ቆዳ ሲጎትት ሊውል ነው? ደግሞስ ጊዜው የት አለ? ከመስከረም እስከ ኅዳር ሚካኤል ሁለት ወር ከምናምን ነው። አልጋ ሲጠፍር ጥቅምት ሊያልቅ ነው! «ሽማግሌው ጃጅተዋል» አለ በልቡ። ይህን ማለቱን በኋላ ሲያስበው ፊቱ ይቃጠል ነበር፤ ያን ቀን ግን አለ፣ ደግሞም አምኖ ነው ያለው።

በልቡ ሌላ ነገር መከረ። ከየኔታ ደጃፍ ላይ በቆዳ ማኅደር የተሰቀለ አሮጌ መጽሐፍ አለ፤ ጢስ ያጠቆረው፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን የሚያምር ሐረግ ያለበት። የሐረግ ትምህርት ሁሉ እዚያ ላይ ተሥሎ አይደለም እንዴ? ዓይን ያለው ሰው አይቶ መማር ያቅተዋል? መርሻ መጽሐፉን በነጠላው ሸፍኖ ወሰደና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወይራዎቹ መካከል ካለች የድንጋይ ጥላ ሥር ገባ።

«ወደ ሙላቴ ቤት ሄጃለሁ» ብሎ ነበር የወጣው።

ሐረጉን አየው። ቆጠረው። ከላይ በኩል መስመሩ ጠርዝ እየነካ የሚታጠፍበት ቦታ አሥር ነው፤ ከጎን በኩል አራት። መሻገሪያዎቹን ሁሉ በጣቱ እየተከተለ በትርፍራፊ ብራና ላይ በከሰል ይለማመድ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት እጁ መንገዱን ለመደው። ችሎታ አለው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

አንድ ነገር ግን አላማረውም። ከሐረጉ መካከል ትንሽ ወደ ቀኝ ባለ ቦታ ላይ ሁለቱ መስመሮች መሻገር ሲገባቸው አልተሻገሩም። ተቃርበው ሲያበቁ፣ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው በየመጡበት ተመልሰዋል። ሌላው ሁሉ ይሻገራል፤ ይቺ ብቻ አትሻገርም። መርሻ ሣቀ።

«አይ የድሮ ጸሐፊ! አንቀላፍቶ ነው» አለ። «ቀለሙም ደብዘዝ ብሏል። ምን ችግር አለ፣ እኔ አርመዋለሁ።»

እናም አረመው።

በየሳምንቱ ቅዳሜ የኔታ ያስጠሩታል።

«አልጋው እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው የኔታ። አንዱን ጨርሻለሁ።» ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው የሚዋሸው! በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛውን «ጨረሰ»፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሦስተኛውን።

የኔታ እጁን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጣቶቹን አሹ።

«እጅህ ለስላሳ ነው» አሉ።

«ቅቤ እቀባለሁ የኔታ።»

«ቅባ፣ ቅባ» አሉና እጁን ለቀቁት።   «ሦስቱ ካለቁ ሐረጉን እንጀምር» ብለው እንዳይጠሩትና አልጋ አለመጥፈሩ እንዳይታወቅበት ፈርቶ ደግሞ መርሻ «ከአያ ሙላቴ ዘንድ ትንሽ ልጨምር» አላቸው። ይጨምራል! አንዱንም ሳይጀምር።

ለመጀመሪያው ገጽ የተዘጋጀችው ብራና አንዲት ብቻ ነበረች፤ እንከን ከሌላት ፍየል የተፋቀች፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የነጻች። ሌላ ለማዘጋጀት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። መርሻ ትንፋሹን ይዞ በጥቁር ቀለም ሐረጉን አወጣባት። ኅዳር በገባ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ጨረሰ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ቆንጆ ነበር! ካሮጌው ይልቅ የጠራ፣ መሻገሪያው ሁሉ የተሟላ፣ አንድም የተኳረፈ መስመር የሌለበት። መርሻ ተነሥቶ በድንጋዩ ዙሪያ ሁለቴ ዞረ፤ አንድ ጊዜም ብቻውን አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ለጨዋታ ያህል አንዲት ስንደዶ ቆረጠ። ልክ እንደ ቄሰ ገበዙ ከግራ ማዕዘን ተነሣ። ወረደ፣ ታጠፈ፣ ወጣ፣ ታጠፈ፣ ተሻገረ። ሄደ፣ ሄደ፣ ከግራ ማዕዘን ገባ።

ቀና ብሎ ገጹን አየ። ግማሹ አልተነካም።

«ስቼ ነው» አለ። እንደገና ጀመረ። አሁንም ግማሹ ላይ ገባ። ሦስተኛውን በጥፍሩ እየጫነ በዝግታ ሄደ፤ ያው ነው። ካልተነካው መስመር ላይ ተነሥቶ ሞከረ፤ እሱም ብቻውን ዞሮ ብቻውን ገባ። አንድ ሐረግ መስሎት የሣለው እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ፣ ግን አንድም ቦታ የማይገናኙ ሁለት መስመሮች ነበሩ። ሐሞቱ ፈሰሰ። ነፋሱ ዞረና የጋፋት መዶሻ ድም፣ ድም ሲል ሰማ፤ የካሳሁን ሳል የመጣበት መሰለው።

ያን ቀን መርሻ ምን ያላሰበው አለ! ወደ አንበሳሜ ጠፍቶ ልጆች ፊደል ሊያስቆጥር አሰበ። በቀለም ብዛት መስመሩን ሊያደናግር አሰበ፤ ግን የቄሰ ገበዝ ንዋይ ዓይን የጭልፊት ዓይን ነው። የኔታ እግር ላይ ሊወድቅ አሰበ፤ እግሩ ግን አልታዘዝ አለው፤ ሦስት አልጋ «ጠፍሮ» የለ እንዴ! ምን አፍ አለው? በመጨረሻ ያልሞከራት በር አንዲት ብቻ መሆኗን አየ። ጎሕ ሲቀድ ሙላቴ ቤት ደረሰ።

ሙላቴ ግቢው ውስጥ የአልጋ እንጨት አቁሞ ጠፍር ሲወጥር አገኘው፤ ሃምሳ ያለፈው፣ ክንዱ የወይራ ሥር የመሰለ፣ ቃል የሚቆጥብ ገበሬ ነው። ሚስቱ ጌጤ የተለተለ ቆዳ ከገንዳ ውኃ ውስጥ ታወጣለች። እሷ ደግሞ ለሁለቱም ትናገራለች።

«ኧረ ማን መጣ!» አለች። «ሦስት አልጋ የጠፈረልን ዲያቆን አይደለም? የኔታ ሰው ልከው 'ተማሪዬ እንዴት ነው' ሲሉ የቱን ተማሪ ብለን ግራ ገብቶን ነበር።»

መርሻ መሬት ብትከፈት በገባ ነበር። «ሰው ልከው ነበር?»

«ጥቅምት ላይ ነዋ!»

ያውቁ ነበር ማለት ነው። የቅቤውን ውሸት እየሰሙ ያውቁ ነበር። መርሻ ብራናውን ከእቅፉ አውጥቶ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረገፈው። «አያ ሙላቴ፣ ስድስት ቀን ነው የቀረኝ። ይህ ለምን ሁለት ሆነ? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሙላቴ ብራናውን ከሩቅ አየው፤ እጁ እርጥብ ስለነበር አልነካውም።

«እኔ ሐረግ አላውቅም። የማውቀው አልጋ ነው» አለ። «ያዝ እስቲ ይህን።»

የጠፍሩን ጫፍ አቀበለው። መርሻ «ጊዜ የለኝም» ሊል ቃጣውና ጫፉን ያዘ። ምን ምርጫ አለው?

አልጋው ለጥር ሠርግ የታዘዘ ነበር። በአጭሩ እንጨት አራት ቀዳዳ፣ በረጅሙ ዘጠኝ። ጠፍሩ በሰያፍ ይሄዳል፣ ከእንጨቱ ሲደርስ በቀዳዳው ዞሮ ይታጠፋል፣ ያገኘውን ጠፍር አንዴ በላይ አንዴ በታች ያልፋል። መርሻ ሁለት ጊዜ ሳተ፤ ጌጤ ሁለቱንም ጊዜ አስፈታችው። እርጥብ ጠፍር ሲጎተት ጣት ይበላል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን አመልካች ጣቱ ደማ። ይሁን እንጂ ጠፍሩ ሄዶ ሄዶ አንዲት ቀዳዳ ሳይተው መጥቶ ከተነሣበት ገጠመ። መርሻ እጁን ከእንጨቱ ላይ ማንሣት አቃተው።

«አንድ ጠፍር እንደሚበቃው ሳትጀምሩ አውቃችሁ ነበር?»

«ሳናውቅ ቆዳ እንለትላለን እንዴ?» አለች ጌጤ። «ቆዳ በነጻ የሚዘንብ መሰለህ?» አጎንብሳ ከመሬት ጠጠር ለቀመች። «ና ተቀመጥ። የአጭሩን እንጨት ቀዳዳ ቁጥር ከረጅሙ ላይ አንሣ፤ የተረፈውን ከአጭሩ ላይ አንሣ፤ እንዲህ እያልክ እስኪያልቅ ውረድ። አራትን ከዘጠኝ ሁለቴ ብታነሣ ስንት ተረፈ?»

«አንድ።»

«አንዱን ከአራቱ ላይ እያነሣህ ብትሄድ?»

«ምንም አይተርፍም።»

«በቃ። ከማለቁ በፊት መጨረሻ ላይ የቀረህ አንድ ነው፤ አንድ ጠፍር ይበቃዋል። አሁን የአንተን ቁጠር።»

መርሻ የገዛ ሐረጉን ለመጀመሪያ ጊዜ በጠጠር ቆጠረው። በጎን አራት፣ በላይ አሥር። አራትን ከአሥር ሁለቴ አነሣ፤ ሁለት ተረፈ። ሁለትን ከአራት ሁለቴ አነሣ፤ ምንም አልተረፈም። ከማለቁ በፊት መጨረሻ ላይ የቀረው ሁለት ነው።

«ሁለት ጠፍር» አለ በሹክሹክታ።

«ሁለት ጠፍር። ብትጾምበትም ብታለቅስበትም ሁለት ነው» አለች ጌጤ። «ብርዕህን ከማንሣትህ በፊት የሚታወቅ ነገር ነው የኔ ጌታ።»

አሥራ አንድ ዓመት ተምሮ ይህን አያውቅም። ያውም ማንም አልደበቀውም፤ ሂድና ተማር ተብሎ ነበር። መርሻ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እንግዲያ ገጼ ሞተ ማለት ነው። ብራናዋም ሞተች፣ እኔም…»

«ቆይ» አለ ሙላቴ። ጠዋት ከተናገረው ወዲህ ይህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። «እንጨት ሠሪ አሥር ቀዳዳ በስቶ ሲያመጣልን እንጨቱን እናነደዋለን እንዴ?»

ከግድግዳው ሥር አንድ አሮጌ የአልጋ እንጨት ሳበ፤ አራት በአሥር። አንድ ጥቁር ጠፍርና አንድ ነጭ ጠፍር ላላ አድርጎ ወጠረበት። ሁለቱ በየራሳቸው ዞረው በየራሳቸው ገጠሙ። ከዚያ ጥቁሩና ነጩ የሚሻገሩበትን አንድ ቦታ መርጦ ሁለቱንም በቢላዋ ቆረጠና የጥቁሩን ጫፍ ከነጩ ጫፍ ጋር፣ ሌላውንም እንደዚያው ሰፋቸው። መሻገሩ ቀርቶ ጀርባ ለጀርባ ታጠፉ።

«ተከተለው» አለ።

መርሻ በጣቱ ተከተለ። ጥቁሩን ዞሮ ሲጨርስ ወደ ነጩ ገባ፤ ነጩን ዞሮ ሲጨርስ ወደ ጥቁሩ ተመለሰ። አንድ ሆኗል።

«አንድ ቦታ ብቻ ነው። ደግሞ ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበት ይሁን» አለ ሙላቴ። «ጥቁር ከራሱ ጋር የሚሻገርበት ላይ ብትቆርጥ ሦስተኛ ልትወልድ ትችላለህ።»

መርሻ ጀርባ ለጀርባ የታጠፉትን ጠፍሮች እያየ ፈዘዘ። ይህን ቦታ ያውቀዋል። ከመካከል ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ተኳርፈው የተመለሱት ሁለት መስመሮች! አሮጌው ጸሐፊ አላንቀላፋም። ያንቀላፋው ሌላ ነው። መርሻ ራሱ ያን ቦታ «አርሞ» አንዱን መስመር ለሁለት ሰነጠቀው! እዚያው ላይ ጮኸ፤ ብድግ ብሎ ብራናውን አቀፈና ወደ በሩ ሮጠ።

«ወዴት ነው?» አለች ጌጤ። «የሠርጉ አልጋ ጫፉ አልተሰፋም፤ አልተወጠረም። ሳይወጠር ከደረቀ ተጨማዶ ይቀራል፤ የአንድ በሬ ቆዳ ከነነፍሱ ሄደ ማለት ነው።»

መርሻ በሩ ላይ ቆመ። እግሩ መሄድ ይፈልጋል፤ መላ ሰውነቱ ወደዚያ አሮጌ መጽሐፍ ይጎትተዋል። ስድስት ቀን፣ አሁን አምስት ሊሆን ነው። ዞሮ አልጋውን አየ። ከዚያም ተመልሶ መጣና ተቀመጠ። ያን ቀንና ማግስቱን እስከ ማታ፣ ጠፍሩ ደርቆ እስኪጮህ ድረስ እየወጠረ ከዚያ ግቢ አልወጣም። ጌጤ በኋላ ለሰው ስታወራ፣ ከሰዓት በኋላ ጉልበቱ መወዛወዙን ተወ ትላለች፤ እሷ ካላጋነነች።

ወይራ አምባ ሲመለስ አሮጌውን ገጽ ከፍቶ ያችን ቦታ ወደ ብርሃን ያዛት። በመታጠፊያዎቹ መካከል፣ ደብዝዞ፣ ተፍቆ የጠፋ የመሻገሪያ ጥላ ነበረ። አሮጌው ጸሐፊም መጀመሪያ አሻግሮት ነበር። እሱም ሳተ፤ እሱም ፋቀ። መርሻ ብዙ ጊዜ እያየው ቆየ። ከዚያ በገዛ ገጹ ላይ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙባትን ያችኑ ቦታ አግኝቶ፣ በካራ ጫፍ ቀስ ብሎ ፋቃትና መስመሮቹን ጀርባ ለጀርባ አጥፎ መለሳቸው። ፍቁ በዓይን ብዙም አይታይም። በእጅ ሲነካ ግን ይሻክራል፤ ለዚያ መላ የለውም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ጉና አናቱን ደመና ጠምጥሞ፣ የገብሱ ማሳ እየነጣ፣ ሕዝቡ ቅጥሩን ሞላው። ከይፋግ የመጣው ጸሐፊም አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ጭቃ ሹሙም አለ። ቄሰ ገበዝ ንዋይ መጽሐፉን በአትሮንስ ላይ ዘርግተው ስንደዶዋን ከግራ ማዕዘን አስነሡ።  ስንደዶዋ ወረደች፣ ታጠፈች፣ ወጣች። መርሻ የት እንዳለች እያወቀ ማየት ግን አልቻለም፤ ዓይኑን ጨፍኖ በልቡ አብሯት ይሄድ ነበር። ፍቁ ያለበት ጋ ስትደርስ ቄሰ ገበዙ ትንሽ ቆም አሉ። ከዚያ ታጠፉ። ሌላኛው ግማሽ ውስጥ ገቡ፤ ዞሩ፣ ዞሩ፣ ዞሩ፤ ከግራ ማዕዘን ገጠሙ።

«አዳርሷል! አንድ ነው!» አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

«እንግዲህ ልማዱ ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ ብርዓቸውን አንሥተው። «ጸሐፊ ሆኖ ስሙ እንዲመዘገብ መምህሩ ይመስክሩለት። የኔታ ገብረየሱስ፣ ተማሪዎ ለሐረግ የሚያበቃውን ሁሉ ተምሯል?»

የኔታ በሰው ተመርተው ቀረቡ። እጃቸውን ዘርግተው ገጹን ነኩ። ጣታቸው ሳይፈልግ፣ ሳይደናበር ቀጥ ብሎ ሄዶ የሻከረችው ቦታ ላይ ዐረፈ። 

«እኔ ያን አሮጌውን ስጽፍ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር» አሉ የኔታ በዝግታ፣ ለመርሻ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «የሙላቴ አባት ነው ያስፋቀኝ። እጅህን አምጣ።»

ሰጣቸው። በአውራ ጣታቸው ጣቶቹን አንድ በአንድ አሹ፤ የአመልካች ጣቱ ቁስል ገና አልሻረም ነበር።

«ስንት አልጋ ጠፈርክ?» አሉት፤ አሁን ድምፃቸው ለሁሉም ይሰማል።

ሦስት ብሎ ነበር። ሦስት ቢል አሁንም ያልፋል፤ ቄሰ ገበዙ ብርዓቸው ተነክሯል፣ ጭቃ ሹሙም ይሰማል። ነፋሱ ዞሮ የጋፋትን መዶሻ አመጣ። 

«አንድ የኔታ» አለ መርሻ። «ያውም ባለፈው ሳምንት።»

ሰዉ ተንጫጫ። የይፋጉ ጸሐፊ ከአጥሩ ቀና አለ። የኔታ እጁን ሳይለቁ ፊታቸውን ወደ ቄሰ ገበዙ መለሱ።

«ስሙን ጻፉት» አሉ። ቄሰ ገበዙም ጻፉ፤ ብርዑ ብራናው ላይ ሲጭር ተሰማ።

ከዚያ የኔታ ወደ መርሻ ዞረው፣ የቆሰለውን ጣት ጫን አደረጉት።

«ሁለት ይቀርሃል። ነገ ሂድ» አሉት።